አባ ጠሃ ኮታቸውን ለምን ገልብጠው ለበሱ

የድርጅቱን ስም እኔ አልጠራም። ታሪክ ጀምሮ ስም መደበቅ ምን ይሉታል የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ምክንያቱን መንገድ ላይ ያገኘዋል። የውሃ መሳቢያ ሞተር አስመጥቶ ለገበሬ የሚሸጥ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ የነበረችው ድርጅት ነው ብዬ ልለፈው። የአባ ጠሃን ስም ግን እጠራለሁ። እሳቸው ራሳቸው ፈቅደውልኛል፤ እንዲያውም "ደብቀህ ብትጽፈኝ ተቀያየምን" ብለውኛል።

አባ ጠሃ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ በሰፈራቸው አባገር የሚባሉ ሰው ናቸው። አባገር ማለት የተጣላውን የሚያስታርቅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚሰማው ሽማግሌ ነው። ድንበር ተገፋፍተው ዱላ የተማዘዙ ወንድማማቾች፣ በሠርግ ማግስት የተኮራረፉ አማቾች፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ። አባ ጠሃ ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ አንዱንም ሌላውንም አድምጠው፣ ይቅር፣ አፉ አባብለው፣ ዱዓ አድርገው ይሸኟቸዋል። "አባ ጠሃ ካሉማ አሉ ነው" ይባል ነበር። መሬትም ከብትም አላቸው፤ የሚሳሱት ግን ለዚህች ለቃላቸው መታመን ነበር።

እንግዲህ በ2014 ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት አንድ ረፋድ ላይ፣ ጦርነቱ ከሐይቅ ከወጣ ገና ጥቂት ወራት እንደሆነው፣ አባ ጠሃ ከከተማ ወደ አርዲቦ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። በኮታቸው የውስጥ ኪስ ፖስታ አለ። ከሁለት ቀን በፊት የቀበሌ ተላላኪ "ከጠበቃ ነው፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ" ብሎ አስፈርሞ ሰጥቷቸዋል። አባ ጠሃ ቁርአኑን በልጅነታቸው ጨርሰዋል፤ አማርኛውንም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምረዋል፤ የጠበቃ አማርኛ ግን አልገባ አላቸው። ለሰው ማስነበቡ ደግሞ ለእሳቸው ዓይነት ሽማግሌ ውርደት መሰላቸው። ስለዚህ ፖስታውን በኪሳቸው ይዘው፣ በእጃቸው እየዳበሱ ሁለት ቀን ሙሉ ዞሩ።

ባጃጁ ሊነሣ ሲል አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት ሮጣ ገባች። ኢንሳፍ ናት፤ የሟቹ ወዳጃቸው የሙአዊያ ልጅ፣ ደሴ ሕግ ተምራ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ጠበቃ ዘንድ የምትሠራ። እናቷን ልትጠይቅ ወደ ሰፈር መሄዷ ነው። ትከሻቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ በወሎ ወግ የእናት፣ የእህት፣ የላም፣ የጥጃው፣ የዝናቡ ደኅንነት ተራ በተራ ተጠየቀ፤ ሰላምታው ሳያልቅ የባጃጁ ጎማ ተነፈሰ። ሹፌሩ ሌላ ጎማ እስኪያመጡለት አንድ ሰዓት ጠብቁ ቢላቸው አባ ጠሃ "እግራችን አልተነፈሰ" ብለው ወረዱና ሁለቱ ጎን ለጎን መንገዱን ተያያዙት።

ትንሽ እንደሄዱ ኢንሳፍ እጃቸው ከደረታቸው እንደማይነሣ አየች። ደረት ያምዎታል ወይ ብትላቸው የለም አሉ፤ ብርድ ነው ወይ ብትላቸው በዚህ ፀሐይ ምን ብርድ አለ አሉ። በመጨረሻ "አንቺስ የሙአዊያ ልጅ አይደለሽ፤ ከአንቺ ምን እደብቃለሁ" ብለው ፖስታውን አወጡላት። እየሄደች ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆመች።

ደብዳቤው የድርጅቱ ጠበቃ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ነበር። አባ ጠሃ በፌስቡክ በተለቀቀ ቪዲዮ የድርጅቱንና የባለቤቱን ስም አጥፍተዋል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ቪዲዮውን አንሥተው የተናገሩት ሐሰት መሆኑን በዚያው መንገድ ካላስታወቁ የካሣ ክስ ይመሠረታል፣ ጉዳዩም ለፖሊስ ይመራል ይላል። ከአሥሩ ቀን ሁለቱ በአባ ጠሃ ኪስ ውስጥ አልፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአባ ጠሃ አሮጌ አረንጓዴ ሞተር ተዘረፈ። ሰላም ሲሆን በጥር ወር ከዚያች ከሐይቅ ሱቅ ቀይ ቀለም የተቀባ አዲስ ሞተር ገዙ። በስምንተኛው ቀን ሞተሩ ቆመ። በአህያ ጭነው ሱቁ ድረስ ቢወስዱት ሱቁ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ አሁንም ዝግ ነው። ሽንኩርቱ ውሃ አጥቶ ጫፉ ቢጫ ይሆናል። ከሱቅ ሲመለሱ ሞተሩ ከአህያው ጋር ሲፋተግ ቀይ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ አለ። አባ ጠሃ ያን አረንጓዴ ሲያዩ ደማቸው ፈላ። የልጃቸው ሚስት ሰዓዳ ስልክ አላት፤ "አውጪው፣ አንሺኝ" አሏት። ኮታቸውን ገልብጠው፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርገው ለበሱና የጠወለገው ሽንኩርት መሐል ቆመው ተናገሩ። ቪዲዮውን አርባ ሺህ ሰው አየው። ከፊሉ ስለ ሞተሩ ተቆጣ፤ ከፊሉ ስለ ኮቱ ሳቀ፤ አንዱማ ዱባይ ሆኖ "ፋሽኑ ከየት ነው?" ብሎ ጽፎላቸዋል።

ኮቱ ፋሽን አልነበረም። ኢንሳፍም እንደዚያው ሳትረዳው ኖራ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም መንገዱን እየረገጡ በኩራት አወሯት። በአባታቸው በሼህ አብዱልሃሚድ ዘመን፣ የተበደለ ሰው ጉልበት ካነሰው የለበሰውን ገልብጦ ገበያ መሐል ይቆማል። ያኔ ቡሉኮ ነበር፤ በኋላ ኮት መጣ። የበደለውን ሰው በስሙ ይጠራል፤ እሪ ብሎ በደሉን ይናገራል። ስሙ የተጠራው ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ በሚቀጥለው ገበያ ይመጣል፣ አባገሮች ይቀመጣሉ፣ ነገሩ ይታያል።

"እና እኔ ያንን ነው ያደረግኩት" አሉ አባ ጠሃ። "ገበያው ስልክ ውስጥ ገባ አላችሁ፤ እኔም ስልክ ውስጥ ገብቼ እሪ አልኩ። እነሱ መጥተው ከመቀመጥ ይልቅ ወረቀት ላኩብኝ። ይኸው ነውራቸው።"

ኢንሳፍ ሳቋን ዋጥ አደረገች። የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ሽማግሌው ከልባቸው ነው። አርባ ሺህ ሰው ሲያያቸው አርባ ሺህ አባገር ያገኙ መስሏቸዋል፤ ማናቸው መጥቶ እንደሚቀመጥ ሲጠብቁ ወር አለፋቸው።

"አባ ጠሃ፣ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ" አለቻቸው። "ስድስት ደቂቃ ነው። በአራቱ ደቂቃ ሞተሩን መቼ እንደገዙ፣ በስንተኛው ቀን እንደቆመ፣ ሽንኩርቱ እንዴት እንደሆነ ተናግረዋል፤ ደረሰኙንም አሳይተዋል። በዚያ ማንም በቀላሉ አይረታዎትም። ይህን ወረቀት ያመጡት የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ናቸው።"

"ምን አልኩ በሁለቱ?"

"ሌቦች ናቸው አሉ። ከእኛ የተዘረፈውን ቀለም ቀብተው መልሰው ለእኛ የሚሸጡ፣ ከዘራፊ ጋር የተሻረኩ ናቸው፣ ይኸው ሱቃቸውን ዘግተው ጠፉ አሉ። ለመሆኑ ሲቀቡ አይተዋል?"

"አረንጓዴውን በዓይኔ አይቻለሁ።"

"አረንጓዴውን አዩ። ዝርፊያውን ግን አሰቡት። ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ያዩትን ይናገራሉ፤ ያሰቡትን ማን ይመሰክርልዎታል?"

አባ ጠሃ ዱላቸውን አፈር ላይ ደገፍ አድርገው ቆሙ። ተቆጥተዋል፤ ቁጣቸው ግን እንደሌላው ሰው ድምፅ የለውም፣ ዝግ ብለው ነው የሚናገሩት። "እስኪ ስሚኝ ልጄ። ለውጥ መጣ፣ አፍ ተፈታ ብላችሁ ያስጨበጨባችሁን እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ቀድሞ በሹክሹክታ የምናወራውን በአደባባይ ተናገሩ አላችሁን። ስንናገር ደግሞ ሕግ ይበላችኋል ትሉናላችሁ። ድሃ ከአፉ ሌላ ምን አለው? የድርጅቱ ባለቤት ጠበቃ ይገዛል፤ እኔ ሞተር ገዝቼ አለቀብኝ። ወይስ አንቺም ጠበቃ ዘንድ ስትውዪ ወደ እነሱ አጋደልሽ?"

ይህ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው፣ መልስም የሚገባው ነው። ኢንሳፍም አልተቀየመችም። ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ ጥላ ወዳለበት ወሰደቻቸውና በቀስታ አስረዳቻቸው። መናገር አልተከለከለም። ዕቃው ተበላሸብኝ፣ ቀኑ ይህ ነው፣ ደረሰኙ ይኸው፣ አቤት ብል መልስ አጣሁ ማለት የገዢ መብት ነው፤ ድርጅቱ ባይወደውም ይችለዋል። ነገር ግን ሰውን ሌባ ነው፣ ወንጀል ሠርቷል ብሎ በአደባባይ መጥራት ክስ ማቅረብ ነው፤ ከሳሽ ደግሞ ማስረጃ ይጠየቃል። ከዚህም አልፎ፣ የተባለው እውነት ቢሆን እንኳ ሰውን ለመጉዳት ተብሎ የተነገረ ቃል በሕግ ሊያስጠይቅ የሚችልበት ጊዜ አለ። ደብዳቤ መጣ ተብሎ ቪዲዮውን ሹልክ አድርጎ ማጥፋትም መፍትሔ አይሆንም፤ ሌላው ገልብጦ ይዞታልና።

"ወደ እነሱ አላጋደልኩም" አለች በመጨረሻ። "አንቱ እንዲረቱ ነው የምፈልገው። አንቱ ግን እውነተኛውን በደልዎን ከግምት ጋር ደባልቀው ሰጧቸው። አሁን ፍርድ ቤት ስለ ሞተሩ የሚያወራ የለም፤ ስለ አንቱ ምላስ ነው የሚያወሩት። ሞተሩ ተረስቶ የአባ ጠሃ ቃል ሐሰት ነው ተብሎ ይጻፋል።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አባ ጠሃን ወጋቻቸው። መሬታቸውን ቢነኩባቸው ይችሉት ነበር። ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብለው አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ። "አባገር የተናገረውን አይውጥም" ብለው ብቻ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ኢንሳፍ ከኋላ ከኋላ ተከተለች። የሙአዊያ ልጅ ናትና እልኸኛነት ለእሷም አዲስ አይደለም።

ጥቂት እንደሄዱ ጠየቀቻቸው። "አባ ጠሃ፣ ያ ገበያ ላይ ልብሱን የገለበጠው ሰውዬ፣ መቼ ነው የሚያቀናው?"

"ምኑን?"

"ልብሱን። ዕድሜ ልኩን ገልብጦ አይኖርማ።"

አባ ጠሃ ዱላቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። መልሱን አልረሱትም። ሰውየው ልብሱን የሚያቀናው ነገሩ ከተዳኘ በኋላ እዚያው ገበያ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ቆሞ፣ ከተናገረው ውስጥ ትርፍ የሆነውን በራሱ አፍ ካነሣ በኋላ ነው። ሼህ አብዱልሃሚድ ይህችን ክፍል ሳይናገሩ አልፈው አያውቁም ነበር። ልጃቸው ግን የሚጣፍጠውን እሪታ ይዘው የሚመረውን ማቅኛ ጥለውታል፤ ኮታቸውንም ቪዲዮው እንዳለቀ አቃንተውታል። ለኢንሳፍ "ረጅም ነገር ነው፣ ሌላ ጊዜ" አሏት።

በዚህ መሐል ከመንገዱ ገባ ብሎ በቅንጭብ የታጠረ አንድ ቤት ዘንድ ደረሱ። ኢንሳፍ ውሃ ጠማኝ አለች። እውነት ጠምቷት ይሁን አስባበት ይሁን እስከ ዛሬ አልነገረችንም። ቤቱ የባንቺአየሁ ነው፤ አባ ጠሃም ያውቁታል፤ እንዴት አያውቁት።

ባንቺአየሁ አምባሰል የተወለደች፣ ባሏን ጦርነቱ የወሰደባት ሴት ናት። ያን ሰሞን ሕዝቡ ወደ ደሴ ሲሸሽ የአባ ጠሃ ሚስት ፈዲላ በወገብ ሕመም መሄድ አቃታት። አባ ጠሃ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ይዘው ሲወጡ ባንቺአየሁ ፈዲላን ቤቷ አስገብታ፣ ታጣቂ መጥቶ ማናት ብሎ ሲጠይቅ እናቴ ናት እያለች፣ ያላት እህል እስኪያልቅ እያካፈለቻት አብራት ቆየች። ለሶላት የምትሰግድበትን ጥግ እንኳ በመጋረጃ ለይታላት ነበር። ሰላም ሲሆን የዚያች የሞተር ሱቅ ሻጭ ሆና ተቀጠረች። አባ ጠሃም ቀዩን ሞተር የገዙት ከእሷ እጅ ነው።

ግቢው ውስጥ ሲገቡ አባ ጠሃ በሩ ላይ ጽሑፍ አዩ። በጥቁር ቀለም የተጻፈ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ ደብዝዟል፤ ቢሆንም ይነበባል። የመሠረተ ትምህርት ተማሪው አባ ጠሃ አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ አነበቡት። "የተዘረፈ ዕቃ መሸጫ" ይላል። የጠበቃውን አማርኛ ባያውቁትም ይህኛውን አማርኛ አወቁት፤ ከራሳቸው አፍ የወጣ ነው።

ባንቺአየሁ ወጥታ ሰላም አለቻቸው፤ ወንበር አወጣች፤ ውሃ ሰጠቻቸው። ስለ በሩ ምንም አላለችም። ፈዲላ እንዴት ናት፣ ወገቧስ፣ ያ ቅባት ጠቀማት ወይ ብላ ጠየቀች። አባ ጠሃ ውሃውን እንደያዙ ወደ በሩ አመለከቱ።

"ይህን ማን ጻፈው?" አሉ።

"ተዉት አባ ጠሃ። ልጆች ናቸው።"

"መቼ?"

"ቪዲዮው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት። ሱቁ ላይም ጽፈው ነበር፤ ድንጋይም ወረወሩ። ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነኝ።"

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

ባንቺአየሁ ነጠላዋን አስተካከለች። ለመናገር አልፈለገችም፤ ግን ከተጠየቀች የምትዋሽ ሴት አይደለችም። "ምን ብዬ? የሰፈሩ ሰው ሲጣላ የሚመጣው አንቱ ዘንድ ነው። እኔን ያጣላኝ የአንቱ ቃል ሲሆን ወደ ማን ልሂድ?"

አባ ጠሃ ስለ አንቺ ምንም አልተናገርኩም፣ የተናገርኩት ስለ ድርጅቱ ነው አሉ። ሲናገሩት ለራሳቸውም ደከም ብሎ ተሰማቸው። ኢንሳፍ በቀስታ ጣልቃ ገባች፦ "ድርጅት ፊት የለውም አባ ጠሃ። የተናደደ ሰው የሚያገኘው በሩ ላይ ያለውን ሰው ነው። ያውም በዚህ ዘመን፣ ሰው ሁሉ ቁስሉ ሳይሽር፣ ከዘራፊ ጋር የተሻረከ የሚባል ቃል ቀላል ቃል አይደለም።"

ሽማግሌው ቢያፍሩም አባገርነታቸው አልተዋቸውም፤ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጠየቁ። ሱቁ ያን ጊዜ ለምን ተዘጋ? ባንቺአየሁ የባሏን ተዝካር ለማውጣት አምባሰል ሄዳ እንደነበር ነገረቻቸው፤ በር ላይ ወረቀት ለጥፋ ነበር፣ ንፋስ ወስዶት ይሆናል። አረንጓዴውስ ቀለም? እሱማ ከፋብሪካው ሲመጣ ዝገት እንዳይበላው ከቀዩ ሥር የሚቀቡት ነው፤ ሣጥኑን የፈታችው እሷ ራሷ ናት፤ አንድም አሮጌ ሞተር አላየችም። ከፈለጉ አሁን አንዱን አምጥታ ልጣ ታሳያቸዋለች።

"ሞተሩስ?" አሉ አባ ጠሃ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "መበላሸቱስ ውሸት ነው?"

"እሱማ እውነት ነው። ከዚያ ጭነት ከተሸጡት አራቱ ቆመዋል። ስማቸውንም፣ ቀኑንም በደብተር ይዤ ለዋናው ቢሮ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ መልስ አልሰጡኝም።" ባንቺአየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። "አባ ጠሃ፣ የአንቱ ምስክር እኔ ነበርኩ። ምስክርዎን ነው ያባረሩት።"

ከዚህ በኋላ አባ ጠሃ ውሃውን ጠጥተው ብርጭቆውን መለሱ፤ ተነሥተውም ወደ በሩ ሄዱ። በመዳፋቸው ጽሑፉን ደጋግመው አሹት፤ አልለቀቀም። አፈርኩ አሉ፤ እንዲህ ጥርት አድርገው፣ በሁለቱ ሴቶች ፊት። ከዚያ ወደ ኢንሳፍ ዞሩና ያቋረጡትን ወሬ ጨረሱላት፤ ልብሱ መቼ እንደሚቃና፣ ትርፉ ቃል እንዴት እንደሚነሣ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። "አባቴ ትርፉን ያነሣ ሰው ቃሉን ዋጠ አይባልም፣ አጸዳው ይባላል ይል ነበር" አሉ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አሁን ምን ላድርግ? እንደ ሕጉ ንገሪኝ።"

እነሆ ግትሩ ሽማግሌ የተሸነፉት በዚህ ነው። ኢንሳፍ የሕጉን ብትነግራቸውም ያሳመናቸው የአባታቸው ወግና የባንቺአየሁ በር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ አዲሱ ሕግ ለሰው የሚገባው የገዛ አሮጌ ወጉ ውስጥ ዘመዱን ሲያገኝለት ነው፤ አለበለዚያ በጠበቃ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

በማግሥቱ ሰዓዳ ስልኳን ያዘች። አባ ጠሃ እዚያው የሽንኩርት ማሳ መሐል፣ እዚያው ቦታ፣ ኮታቸውን ገልብጠው ቆሙ። ያዩትን በአንድ በኩል፣ ያላዩትን በሌላ በኩል አድርገው ተናገሩ። ሞተሩን የገዛሁት በዚህ ቀን ነው፣ በስምንተኛው ቀን ቆመ፣ ይህ እውነት ነው፣ አላነሣውም አሉ። ሌቦች ያልኩት፣ የተዘረፈ ያልኩት፣ የተሻረኩ ያልኩት ግን ሳላይ ያሰብኩት ነው፣ ሐሰት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ አነሣዋለሁ፤ ባለቤቱን አፉ በለኝ እላለሁ፤ የሱቋ ሴት ባንቺአየሁ ሚስቴን በክፉ ቀን ያተረፈች ናት፣ በሯ ላይ የጻፋችሁ ልጆች መጥታችሁ ከእኔ ጋር ትቀቡታላችሁ አሉ። ኢንሳፍ ደግሞ ለድርጅቱ ጠበቃ መልስ ጻፈች፤ ከእሱም ጋር የአራቱን ገበሬዎች አቤቱታ፣ ደረሰኞቹንና የባንቺአየሁን ደብተር ቅጂ አያይዛ አንዱን ለድርጅቱ፣ አንዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አስገባች።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተፈታም። ድርጅቱ የክሱን ሐሳብ ወዲያው ተወ፤ ሞተሮቹን ግን ሲያንገራግር ከርሞ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ጊዜ ከጠራው በኋላ ነው ባለሙያ የላከው። ባለሙያውም ከፍቶ አይቶ ጥፋቱ የዕቃው ነው አለ፤ አራቱም ተተኩ። የአባ ጠሃ ሽንኩርት ግን ግማሹ ቀርቷል፤ ያ የወር ሙሉ ስድብ ሰዳቢውን ጠቅሞ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር። ባንቺአየሁ ሱቋን ከፈተች። በሯንም አባ ጠሃና ሦስት ጎረምሶች ሰማያዊ ቀቡት፤ ጎረምሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ዛሬ በዚያ ሰፈር ዕቃ የተበላሸበት፣ ባንክ ያጉላላው፣ ትራንስፖርት ያታለለው ሰው ስልኩን ከማውጣቱ በፊት አባ ጠሃ ዘንድ ጎራ ይላል። እሳቸውም "ያየኸው የቱ ነው? የሰማኸው የቱ ነው? ያሰብከው የቱ ነው?" ብለው ያስለዩታል። ያየውን ደረሰኝና ፎቶ አስይዘው ወደ ኢንሳፍ ይልኩታል። ቃሉ እንዲህ ተበጥሮ የወጣ ሰው ድርጅት ቢቆጣው አይፈራም፤ ስለሚሰማም አቤቱታው መልስ ያገኛል፤ በማያውቀው ሰው በር ላይም ቀለም አይረጭም። እኔም የድርጅቱን ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው። ዕቃውን ተክቷል፤ የማነሣበት በደል ከሌለ ስሙን ምን ላደርገው?

አንድ ነገር ግን ቀረ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ አርባ ሺህ ሰው አይቶት ነበር፤ ማቅኛውን ያየው አራት መቶ አይሞላም። አባ ጠሃ ይህን ከሰዓዳ ሲሰሙ ኮታቸውን ሊያቃኑ የጀመሩትን እጅጌ መልሰው ገለበጡት። እሪታውን የሰማው ሁሉ ማቅኛውን ካልሰማ ልብስ አይቃናም አሉ። ፈዲላ ሰው ይስቅብዎታል ብትላቸው ይሳቅ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ሲወጡ፣ ጁምዓ ሲሄዱ፣ ለቅሶ ሲደርሱ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ ነው። አንዱ "አባ ጠሃ፣ ኮትዎ ተገልብጧል" ይላቸዋል። እሳቸውም ይቆሙና ከመጀመሪያው ጀምረው ያወሩለታል፤ ሐሰቱ የቱ እንደነበር፣ የባንቺአየሁ ስም ንጹሕ መሆኑን። እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ፣ ሰው በሰው፣ ክረምቱን አሳለፉት።

በመስከረም መጨረሻ፣ ባንቺአየሁ ግሸን ማርያም ሄዳ ስትመለስ ሐይቅ ገበያ ላይ አገኘቻቸው። የኮታቸው ገበር በዝናብ ጠቁሯል፤ አንዱ የውስጥ ኪስ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል፤ እሳቸው አንድ የማያውቁትን ነጋዴ ይዘው ከቪዲዮው የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ላይ ደርሰዋል። ባንቺአየሁ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ኮቱን ከትከሻቸው አወለቀች፣ እጅጌውን አንድ በአንድ መለሰች፣ አራገፈችና መልሳ አለበሰቻቸው። ቁልፉንም ራሷ ቆለፈችላቸው።

"ገና ያልሰማ አለ እኮ" አሉ አባ ጠሃ።

"እኔ ሰምቻለሁ" አለቻቸው፤ ዘንቢሏንም አንሥታ ወደ ሱቋ ሄደች።